አንዲት ፊደል

ሥራዬ ጨው መለካት ነው። ከግዲኒያ ወደብ ተነስተን፣
ጠርሙሱን በሽቦ አስረን፣ ሰማንያ ሜትር ቁልቁል ሰደን፣
ከባልቲክ ሆድ ጨለማ አንድ ሊትር እንቀዳለን።

ይህ ባሕር ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤
ከላይ ቀላሉ ውሃ፣ የወንዞች ልጅ፣ ፀሐይ አይቶ የሚስቅ፤
ከታች ከባዱ፣ ጨው የጠጣው፣ ከላይኛው የማይታረቅ፤
አየር ካጣ ስንት ክረምቱ፣
የዓሣ እንቁላል ከወረደ እዚያው ነው ሞቱ።
ይህን ለተማሪ ሳስረዳ ድምፄ አይንቀጠቀጥም፤
ቁጥር ነው፤ ግራፍ ነው፤
ስለ ራሴ አላወራሁም።

ከላቦራቶሪው በር ላይ በገዛ እጄ የለጠፍኩት ሕግ አለ፦
«ያየኸውን ጻፍ። የጠላኸውን ቁጥር አትሰርዝ።»
አምና ካያ፣ ጎበዟ ተማሪዬ፣
ከመስመር የወጣች አንዲት ነጥብ ደልዛ ብትመጣ፣
«መልሺያት! ባሕሩ ቃሉን ሰጥቷል፤
አንቺ ማን ነሽ የምታርሚው?» አልኳት በቁጣ።
አለቀሰች። ነጥቧን መለሰች።
ሰኞ ጠዋት፣ በሻይ ሰዓት፣ እኔ ግን ምን አደረግሁ?

በኛ በፖሎች ቋንቋ ግስ ጾታ አለው፤
ወንዱን ከሴቷ የሚለየው ጭራው ነው፤ አንዲት ፊደል።
ሃሊና ስኳሯን እያማሰለች፣
«ቅዳሜን የት ዋልክ?» ትለኛለች።
«እንጉዳይ ለቀማ ወጣን።»
(«እኛ» ደግ ቃል ናት፤ ምስጢር ታውቃለች።)
«ማን አበሰለ ታዲያ?»
«አበሰለች።»

አሥራ አንድ ዓመት፣ በየሰኞው፣
በአንዲት ፊደል ዶብሮሚርን ቀሚስ አለበስኩት፤
ጢሙን ላጨሁት፤
ስሙን እንደ ትኩስ ድንች ሳላኝክ ዋጥኩት።

ዶብሮሚር ግዳንስክ ውስጥ ትራም ይነዳል።
አንገተ ወፍራም ነው፤ ሳቁ ከሆዱ ይነሳና አፉ ዘንድ ዘግይቶ ይደርሳል።
ሲያስነጥሰው ሦስቴ ነው፤ ሁለትም አራትም ሆኖ አያውቅም።
(ቆጥሬአለሁ። ከዚህ የጸና መረጃ በእጄ የለም።)
መርከቧ በዘገየች ሌሊት ዳቦ በቋሊማ ይዞ ይመጣል፤
ከጥበቃው ዳስ ማዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣
አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ይቆማል።

ከጉዞ በፊት ቅጽ እንሞላለን፦ «አደጋ ቢደርስ ለማን ይነገር?»
ሉብሊን ያለችውን እህቴን እጽፋለሁ፤
ካነጋገረችኝ ሰባት ዓመቷ።
በኅዳር ማዕበል ሽቦው ተበጥሶ ግራ እጄን ሰነጠቀው።
ለእህቴ ደወሉ። «እሺ» ብላ ዘጋች።
ዶብሮሚር እንዴት እንደሰማ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።
የሆስፒታሉ በር ላይ «ለቤተሰብ ብቻ» ተብሎ
የሾፌር ካፖርቱን እንደለበሰ አግዳሚ ላይ አደረ።
በግድግዳው በኩል፣ ለንጋት ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣
አንድ።
ሁለት።
ሦስት።

ሰኞ ሻይ ሰዓት ሃሊና ፋሻዬን አየች፦
«ይሄንንስ ማን አሰረልህ?»
ፊደሏ ምላሴ ላይ ነበረች፤ ተሰልታ፣ ለምዳ፣ እንደ ሁልጊዜዋ።
ተውኳት።
«አሰረልኝ» አልኩ። «ዶብሮሚር። ቤት ያለው።»

ማንኪያው ቆመ።
ኢሬኔውሽ ሲኒውን ይዞ ተነሳ፤ ከዚያ ወዲህ ያቺ ጠረጴዛ ላይ አልተቀመጠም፤
አሥራ አራት ዓመት አብረን ባሕር ወጥተናል።
ካያ መስኮቱን አየች። እኔም መስኮቱን አየሁ።
ሃሊና የፋሻውን ቋጠሮ በጣቷ ገፋ አድርጋ፣
«አጥብቆ ነው ያሰረው» አለች፣ «ደም አይዘዋወርም። ላላ ያድርገው።»
ያድርገው፤ አለች።

ያ ማዕበል ሦስት ሳምንት ከምዕራብ ነፍሶ ነበር።
እጄ ሲድን ወጣን፤ ጠርሙሱን ሰማንያ ሜትር ሰደድን፤
ኦክስጅን፦ ዜሮ ነጥብ ሦስት።
ትንሽ ነው። ዓሣ አያኖርም።
ካያ መሣሪያው ተሳስቶ እንደሆን ጠየቀችኝ፤
ደግመን ለካን።
ያየነውን ጻፍን።